ሁለቱ እርሳሶች

ዛሬ ሐሙስ ጥቅምት 10 ቀን 2015፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ የጥይት አፍሳሹ መበለት ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። ሐኪሙ ልቤ እንደደከመ ነግሮኛል፤ ስለ አእምሮዬ ግን እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም፣ ቢያቀርብም አልሰማውም። ቃሌን የሚጽፉት ፊደል ያስቆጠሩኝ ጡረተኛው መምህር ናቸው። ምስክሮቼ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና ቁልፍ ሠሪው ናቸው። ወንድ ልጄና ሴት ልጄም በዚሁ በወርክሾፑ ውስጥ አሉ። እዚህ የሚባል ነገር አንድም እንዳይዘለል መምህሩን አደራ ብያለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ሴት ልጄ ትልቁን ፎርማ ምድጃው ላይ እንድትጥድ አዝዣታለሁ። ፎርማ የምንለው የቀለጠውን እርሳስ ተቀብሎ ጥይት አድርጎ የሚያወጣውን ባለሁለት ግማሽ ብረት ነው። ጠዋት በሳሙናና በሙቅ ውሃ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጋ አጥባዋለች፤ ደርቋል። ሙቀቱ ሁለት መቶ ዲግሪ ሲደርስ ኑዛዜዬ ይዘጋል።

አንደኛ፤ መኖሪያ ቤቱን ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ሰጥቻለሁ። በግድግዳ ሳይሆን በስምምነት ይካፈሉት። ይህን ስል ራሴም ሳቄ መጣ።

ሁለተኛ፤ ጥቁሩ ካፖርቴ ለልብስ ሰፊዋ ይሁን። «ክንዱ ጠቦሻል» እያለች ስንት ዓመት አቃጥላኛለች፤ እንግዲህ ታስፋው።

«እኔ እኮ ምስክር ነኝ፤ ምስክር አይወርስም» አለች።

መምህሩም ልክ ናት አሉ። እንግዲያው ካፖርቱ ለሴት ልጄ ይሁን፤ እሷ ለማን እንደምትሰጠው አላየሁም፣ አልሰማሁም።

«ዘጠና» አለች ሴት ልጄ፣ ዓይኗን ከሙቀት መለኪያው ሳታነሳ።

ሦስተኛ፤ ይህ ወርክሾፕ ከነፈቃዱና ከነዕቃው። እዚህ ላይ ሁላችሁም አድምጡኝ።

የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ባሌ አዲስ ሥርዓት አወጣ። እኩል የሆኑ ሁለት ትንንሽ ጣውላዎች ቆርጦ አንዷ ላይ «ሞቋል»፣ ሌላዋ ላይ «አልሞቀም» ብሎ ጻፈና እንደ ፎርማው ሁኔታ እያፈራረቀ ያንጠለጥል ጀመር። ማንበብ እንደማልችል ያውቃል። «ትጠይቂያለሽ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን እሱ ወጣ ብሎ ነበር። እርሳሱ ቀልጧል። ፎርማው ላይ ጣውላ ተንጠልጥሏል። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጄ እዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ጸጉሩን ያበጥራል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ሞቋል ይላል» አለኝ።

አፈሰስኩ። በፎርማው መገጣጠሚያ ከእጥበት የቀረ ውሃ ነበር። የቀለጠ እርሳስ ውሃ ሲያገኝ ይፈነዳል። ከጎኔ ቆማ የነበረችው ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ግራ ዓይኗን አጣች። እጄን ጠጋ አድርጌ ሙቀቱን ብሞክር ኖሮ አውቅ ነበር፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው፣ አልክድም። ሰው ግን «ያልተማረች ሴት እሳት አጠገብ ምን አቆማት» አለ። ባሌም አፈር እስኪገባ ይህንኑ አለ። ወንድ ልጄ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር።

እኔ ጣውላዋን ደበቅኳት። ለሌላ ሰው ላስነብባት አልፈለግሁም፤ አንዴ አስነብቤ ያየሁትን አይቻለሁ። ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ወደ መምህሩ ሄድኩ። እስከዚያ የማውቀው የሚቀልጠውን እርሳስ ነበር፤ የሚጽፈውን ያኔ ጨበጥኩ። «ለምን መማር ፈለጉ?» ሲሉኝ «መጽሐፍ ለማንበብ» ብዬ ዋሸኋቸው። አንዲት ቃል ለማንበብ ነበር። በስምንተኛው ወር ጣውላዋን አወጣሁ። አምስት ፊደል ናት። አልሞቀም።

«መቶ አርባ።»

ሴት ልጄ ከዚያ ወዲህ የሙቀት መለኪያውን መርፌ ሳታይ አንድ ጥይት አፍስሳ አታውቅም። ጥይቱ እንደ እኔ ፊት ተጨማዶ ከወጣ ፎርማው ቀዝቅዟል፤ ውርጭ የመታው ከመሰለ ከልክ በላይ ግሏል። ይህን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለምና ወርክሾፑ የእሷ ነው። ሆኖም ወንድሟ ያን ቀን ያደረገውን፣ ፎርማው ሁለት መቶ ሳይደርስ፣ በምስክሮቹ ፊት ከተናገረ እኩሌታው የእሱ ይሆናል። ካልተናገረ የሚደርሰው ይህች ጣውላ ናት።

«እማዬ፣ አሁን ይሄ ሰው ፊት የሚወራ ነው?» አለ ልጄ።

«እኔም የተሰደብኩት ሰው ፊት ነው።»

ቁልፍ ሠሪውን ሳል ያዘው።

«መቶ ሰባ።»

«እሳቱን ቀነስ አድርጊው እንጂ» አላት እህቱን።

«እሳቱን እማዬ እንዳትነኪ ብላኛለች፤ መርፌው ደግሞ ለማንም አያደላም።»

ጣውላዋን ከእጄ ወሰደ። አነበባት። በጀርባዋ የሚያድነው ነገር ያለ ይመስል ገለበጣት፤ ባዶ ነው።

«መቶ ዘጠና» አለች።

ልጄ ጣውላዋን አስቀመጣት፣ መልሶ አነሳት፣ እንደገና አስቀመጣት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እህቱ ዞረ።

«ዞሬ አላየሁም» አለ። «ጣውላዋን አላየኋትም። ሞቋል ያልኩት እማዬ እንድትተወኝ ነው። ከዚያ በኋላ አንቺን ባየሁ ቁጥር ልናገር እልና አፌ ይያዛል።»

«ስንት ደረሰ?» አልኳት።

መርፌውን አየች። ወንድሟን አየች።

«መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አለች።

ከተቀመጥኩበት መርፌው ይታየኛል። ሁለት መቶ አሥር ይላል።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ።

«እሷ ያነበበችውን ይጻፉ። እኔ ያነበብኩትንም ይጻፉ። ወርክሾፑ ለሁለቱም እኩል ነው።»

ሁለቱንም ያስጻፍኩት፣ ወደፊት ማንም ሰው አሮጊቷ ማንበብ ስለማትችል ተታለለች እንዳይል ነው።

በእርሳስ ልፈርም ብል መምህሩ ይጠፋል ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ። በጣቴ አሻራ ሳይሆን በእጄ ጽሑፍ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ የጥይት አፍሳሹ መበለት (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊዋ (ፊርማ)፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት (ፊርማ)፣ ቁልፍ ሠሪው (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር፦ ጡረተኛው መምህር (ፊርማ)