አባባን የደበቀው መስኮት

ውድ ወንድሜ ኔስቶር፣

ሰላምታዬ ከበርህ ጀምሮ እስከ ጓዳህ ይዝለቅልህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ማቲልዴስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ከአንተ ናፍቆትና ከሜክሲካሊ ሙቀት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፣ ዘንድሮም አልራራልንም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐኪሙ "ፀሐይ በሚመታው በዚያ ክፍል ሌላ በጋ አይገፉም" ስላለ፣ በወሩ መጨረሻ መጥተህ አባባን አንተ ዘንድ ወደ ፑዌብላ ልትወስዳቸው መቁረጥህን ሰምቻለሁ። ሐሳብህ የልጅ ሐሳብ ነው፣ ተባረክ። ግን አባባን ታውቃቸው የለ! በጓሮ በኩል ወዳለው ቀዝቃዛ ክፍል ይግቡ ብንላቸው "እዚያ ምን ልመለከት? ግድግዳ?" ብለው እምቢ አሉ። ከዚያች መስኮት ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ካላሉ ቀኑ አይመሽላቸውም። ፑዌብላ ማን ያውቃቸዋል?

እኔም ባሌን ራሚሮን ያዝኩት። የሰው መኪና መስታወት ላይ የፀሐይ መከላከያ ላስቲክ ሲለጥፍ የሚውል ሰው የአማቱን መስኮት መርሳቱ አያሳፍርም? ሙቀቱን ከልክሎ ከውጭም ከውስጥም የሚያሳየው ነጩ ይሻላል ቢለኝም፣ እኔ ከውጭ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ጀመርን፤ ቀኑ ከሞቀ የሳሙናው ውሃ ቶሎ ደርቆ ላስቲኩ ይጨማደዳል። ራሚሮ ይለጥፋል፣ እኔ በጎማ መጥረጊያ ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር እገፋለሁ፣ አባባ ከወንበራቸው ሆነው "እዚያ ጋ አረፋ ቀርቷል፣ ታውረሻል እንዴ?" እያሉ ያዙናል።

ውጤቱን ብታይ! ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሰው የሚቀመጥበት ሆነ። ሐኪሙም መጥቶ አየና "በዚህ ከቀጠለ አልሰጋም" አለ። አባባ ባቄላቸውን በቶርቲያ ቂጣ ጠቅልለው ከበሉ በኋላ ድገሚኝ ሲሉኝ በደስታ ላብድ! ከውጭ ደግሞ ማንም አያያቸውም፤ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ጥርሱን ይጎረጉራል። ጎረቤታችን እትዬ ኦፌሊያማ ቆመው የጡት መያዣቸውን ሲያስተካክሉ አባባን ሳቅ ሊገድላቸው ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሰላም ይላሉ፣ ማንም አይመልስም። እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሰው የራሱን ፊት እያየ ያልፋል። አንድ ጠዋት እትዬ ኦፌሊያ ከዳቦ ሻጩ ጋር መስኮቱ ሥር ቆመው "አቶ ኤውሴቢዮ እኮ ጠፉ፤ ሞተው ይሆን? ልጅቷ ሳትነግረን ቀበረቻቸው እንዴ?" እያሉ ሲያማትቡ አባባ ሰሙ። መስታወቱን በከዘራቸው ቢደበድቡት የሴትዮዋ ጩኸት ገበያ ድረስ ተሰማ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አባባ ግን እንባቸው ወረደ። "በቁሜ ተቀበርኩ። ለኔስቶር ደውይለት፣ ይውሰደኝ። ሰላም የሚለኝ ከሌለ ሜክሲካሊ ምኔ ነው?" አሉኝ።

ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? የማን ልጅ ሆኜ! ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው በሚሆንበት ቦታ ላስቲኩን ትሪ በሚያህል ስፋት በምላጭ አስቆረጥኩ። ራሚሮ "ሥራዬን አበላሸሽው" እያለ እየተነጫነጨ እዚያ ላይ ነጩን ለጠፈልኝ። "መጀመሪያስ ምን ብዬሽ ነበር?" ማለቱንም አልተወም። ክፍሉ ግን ያው ቀዝቃዛ ነው።

በማግስቱ ዳቦ ሻጩ ብስክሌቱን አቁሞ "እንዴ! አሉ!" ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እትዬ ኦፌሊያ ወገባቸውን ይዘው "እርስዎ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ቀን ምን ምን አይተዋል?" ብለው አፋጠጧቸው። አባባ በእመቤታችን ስም ምንም አላየሁም ብለው ማሉ፤ ንስሐውን እሳቸው ይጨነቁበት። ያን ቀን ክንዳቸው እስኪዝል ሰላም ሲሉ ዋሉ።

ማቲልዴን ሰላም በልልኝ፣ ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አማትህንም እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ራሚሮ እጅህን በአክብሮት ይጨብጣል። አባባ ደግሞ "እኔን ማየት ሲያምረው መጥቶ በመስኮቴ በኩል ይለፍ፣ ሰላም እለዋለሁ ብለሽ ጻፊለት" ብለውኛል። ስለዚህ ና፣ በጣም ናፍቀኸናል። የመመለሻ ትኬቱን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ቁረጥ።

እህትህ ኤልቪራ
ሜክሲካሊ፣ ጁላይ 9 ቀን 2019