ወንጂ ላይ የቀሩትን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ይመለከታል

ለመዲናችን ዓመታዊ ማራቶን አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው የኮሚቴዎ አባላት ጤናና ዕረፍት እመኛለሁ። በተለይ ዕረፍቱን ከልቤ እመኝላችኋለሁ፤ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን አዳማ ላይ ያካሄዳችሁት ውድድር ሯጮቹን ካደከመው በላይ እናንተን አድክሞ፣ ገና ሳይጠናቀቅ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር እንዳስገሰገሳችሁ በክብር መቀመጫው ላይ ሆነው ከተመለከቱት የከተማው ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩና።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጂቱ ኑሬ ስለምትባል የሃያ ሦስት ዓመት የወንጂ ልጅ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን በአገዳ ቆረጣ የፈጁ ሰው ናቸው፤ እሷም አገዳ ስታርም ትውላለች፣ ማለዳ ማለዳ በእርሻው መንገዶች ላይ ትሮጣለች። አንድ የሩጫ ክለብ፣ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች መሮጧን የሚገልጽ ማስረጃ እስከ ታኅሣሥ አሥራ አምስት ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። እሷ መሮጡን ሮጣለች፤ ማስረጃው ግን በእርስዎ እጅ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመዲናዪቱ ማራቶን ከመዲናዪቱ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በእኛ ከተማ እንዲሮጥ በመወሰናችሁ ምስጋናችን ወሰን የለውም። የመዲናዪቱ መንገድ መቆፈሩን፣ የአዳማም ዝቅተኛ ስፍራነት ሰዓት እንደሚያፈጥን መግለጫችሁ ነግሮናል። ባጃጅ ነጂዎቻችን ከንጋት ጀምሮ ቆመው፣ ቲማቲም ሻጮቻችን በገመድ ሥር እየሾለኩ እንግዳ አክብረዋል። ሰዓቱን ያፈጠነው የስፍራችን ዝቅተኛነት አለመሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ሁለተኛ፣ በውድድሩ ዋዜማ ሯጮቹን ሰብስባችሁ፣ መንገዱን ጠንቅቆ የማወቅ ኃላፊነት የሯጩ የራሱ መሆኑንና አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ሰማያዊ ቀስት መከተል ግዴታ መሆኑን ስላነበባችሁላቸው አመሰግናለሁ። ከአርባ አንዱ ሴት ሯጮች መካከል የተነበበውን የሰማችው አንዲት ብቻ ሆና መገኘቷ የአንባቢው ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወንጂ መግቢያ ላይ ስለሆነው ነገር። ቀስቱ ወደ አገዳው እርሻ መንገድ ያመለክታል፤ በዚያ ዞሮ መመለስ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ጂቱ በወቅቱ ትመራ ነበር። መሪ መኪናችሁ ግን እርሻውን ትቶ በአቋራጭ ወደ አዳማ ታጠፈ። ሹፌሩ ጃፋር ትሑት ሰው ነው፤ ምክንያቱን ስጠይቀው አልደበቀኝም። «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ አቧራው ውስጥ እንዳትገባ፣ የክብር እንግዳው ላንጋኖ ምሳ አላቸው፣ ውድድሩ ቶሎ ይለቅ ተባልኩ» አለኝ። አርባ ሯጮች መኪናውን ተከተሉ። የእንግዳው ዓሣ እንዳይቀዘቅዝ አርባ ሴቶችን ከድካም ማሳረፍ ማንም ያላሰበው ርኅራኄ ስለሆነ፣ በስማቸው አመሰግናለሁ።

ጂቱ ግን ቀስቱን ተከትላ ገባች። መኪናው አቧራ ሸሽቶ ዞር ያለ፣ ሯጮቹም ከኋላዋ ያሉ መስሏታል። ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወይዘሮ ዘርፉ የተባሉ በጎ ፈቃደኛ አርባ አንድ ኩባያ ውኃ ደርድረው ይጠብቁ ነበር። «ልጄ፣ ሌሎቹስ?» ብለው ሲጠይቋት «እየመጡ ነው» ብላ ፍጥነቷን ጨመረች። ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህች ልጅ ማንም በማያሳድዳት መንገድ ላይ፣ ቀድመዋት ስታዲየም የገቡትን አርባ ሴቶች እንዳይደርሱባት እየፈራች አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሮጣለች። ወይዘሮ ዘርፉ የተረፈውን አርባ ኩባያ በየተራ መሬት ላይ እንደደፉት ነግረውኛል። ለእርስዎ ብነግርዎ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ብቻ ይወቁት።

አራተኛ፣ አሸናፊዋ በሁለት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ደቂቃ ገባች ተብሎ ታሪክ መሠራቱ ታወጀ። ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ለሮጡ ሴቶች አርባ ሁለት የሚል ሜዳልያ አጠለቃችሁላቸው፤ የቀረውን ሦስት ኪሎ ሜትር ሜዳልያው ራሱ ሳይሮጥላቸው አይቀርም። ጂቱ በሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ስትደርስ መድረኩ እየፈረሰ ነበር። የድምፅ ማጉያው «የመጨረሻዋ ተወዳዳሪም እነሆ፣ አበረታቷት» አለ። እኔም አጨበጨብኩላት፤ ስለዚህ ጭብጨባዬ ከእናንተ ጋር መቆጠሩን አልክድም።

አምስተኛ፣ ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያነጠፋችሁት የሰዓት መመዝገቢያ ምንጣፍ አንዲት ሯጭ ብቻ ማለፏን መዝግቧል። ኮሚቴዎ ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ መሣሪያው ተበላሽቷል ሲል ወሰነ። በዚያ ቀን ሥራውን በትክክል የሠራ ዕቃ እሱ ብቻ ስለነበር መጠርጠሩ አይደንቅም።

ስድስተኛ፣ ውሳኔያችሁን እዚህ ላይ ቃል በቃል መጥቀስ ይገባኛል፤ ከዚህ የተሻለ ልጽፍ አልችልምና፦ «ተወዳዳሪዋ ከመሪ መኪናው በመለየት ከውድድሩ መንገድ ስለወጣች ተሰርዛለች።» ልጅቷ ይግባኝ ለማለት በተፈቀደላት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስትሮጥ ብትደርስም፣ ሦስቱ የይግባኝ ሰሚ አባላት ወደ ላንጋኖ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት የዳኝነት ሥራዬ ተከሳሽ ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ምስክር ሲሸሽም አይቻለሁ። ችሎቱ ራሱ ለምሳ ሲሸሽ ማየት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በእናንተ ቸርነት የደረሰኝ ትምህርት ነው።

የምለምንዎ አንድ ወረቀት ነው። አሸናፊ በሏት አላልኩም፤ ታሪካችሁንም ሰርዙ አልልም፤ ሜዳልያዎቹም ባሉበት ይደሩ። ጂቱ ኑሬ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመቶ ዘጠና አምስት ሜትርን በዚህን ያህል ሰዓት ሮጣለች የሚል፣ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ እስከ ታኅሣሥ አሥራ አምስት ይስጧት። ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው እውነት ብቻ ስለሆነ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ወጪ እንደማያበዛ አምናለሁ።

ከርዝመቱ አንዲት ሜትር እንኳ ያልተቀነሰለት ሙሉ አክብሮቴን በማቅረብ፣

ኃይለጊዮርጊስ ኢተፋ
በጡረታ ላይ የሚገኝ ዳኛ
አዳማ፣ ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ እንደጨረስኩ ጂቱ ቤቴ መጥታ ከጽሕፈት ቤትዎ እንደተደወለላት ነገረችኝ። ማስረጃው የደረሰ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደዋይዋ ሴት፣ በጣም በፍቅር፣ መንገዱን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው ስለታጣ ለከርሞው ውድድር ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ አቅጣጫ እንድታሳይላቸው ጠይቃታለች። ጂቱም ስለ ማስረጃዋ ስትጠይቅ፣ ጉዳዩ መዘጋቱን፣ የተሰረዘች ሯጭም ከርሞ መወዳደር እንደማትችል፣ መኪናው ውስጥ ለመቀመጥ ግን ደንቡ እንደማይከለክላት አስረድታታለች። ለእርስዎ እንዳደርስላት የነገረችኝን መልስ እነሆ አድርሻለሁ፦ «እኔ የማውቀው በእግሬ ነው። መንገዱን ከፈለጉት መኪናው ከኋላዬ ይምጣ።»