ምንጣፍ የለበሰችው ሚኒባስ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ሚኒባሷን ከወንድሜ ጋር ስንገዛ፣ ወለሉን ላስቲክ እናልብሰው ብዬ ለምኜው ነበር። እሱ ግን «ዘመናዊ ትሁን» ብሎ ቀይ ምንጣፍ አስነጠፈ፤ ወንበሩንም ከፋይ ጨርቅ አለበሰ። በዚህ በሐምሌ ጭቃ!

ዛሬ ሺሺንዳ ላይ ሦስት እናቶች ምንጣፉን አይተው፣ እንደ ሰው ቤት ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። እኛ ጋቢና ሆነን አላየንም፤ ነዳናት። ቦንጋ ሲወርዱ ሦስቱም በባዶ እግራቸው ናቸው። ወንድሜ ሳቁን ለቀቀው። አንደኛዋ ጭቃው ውስጥ ቆመው፣ «መኪናችሁን እንዳላቆሽሽ ብዬ ነው፤ ይቅርታ ልጄ» አሉኝ።

እሳቸው እኛን ይቅርታ! ደሜ ፈላ። ምንጣፉን ከነሙጫው ገነጠልኩት። ወንድሜ አኩርፎ ሄደ። ይሂድ። ጫማውን አስወልቄ ብሸኘው ኖሮ ነበር ደስ የሚለኝ።