መሪጌታ ሀብተ ሚካኤልና የተጨበጨበላቸው አምስት ቃላት

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ቻላቸው ከአባታቸው ከአቶ ቻላቸው ዘመነና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ ክንዴ በ1935 ዓ.ም. በበየዳ ተወለዱ። ከፊደል እስከ ዳዊት በተወለዱበት ደብር፣ ድጓን ደግሞ ዳባት ወርደው ተምረው አስመሰከሩ። በ1962 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ ጉባኤ ዘርግተው አርባ ዓመት ያህል ድጓ አስተማሩ። በዚያው ዓመት ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሺዋስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆችን አፍርተዋል። ደቀ መዝሙር አንዲት ቃል ሲስት ከማዕድ ተነሥተው የሚያቀኑ፣ ቁጣቸው ግን ቶሎ የሚበርድ መምህር ነበሩ።

በ2004 ዓ.ም. ማኅሌት ቆመው የሚመሩት ዜማ መካከሉ ላይ ጠፋባቸው። ሐኪሙም አእምሮን ቀስ በቀስ የሚበላ ደዌ መሆኑን ነገራቸው። በተከታዩ ዓመት፣ ይህን ደዌ ይከላከል እንደሆነ ገና የሚሞከር ክኒን የያዙ አጥኚዎች ወደ ከተማችን መጡ። መሪጌታ ፈቅደው ጥናቱ ውስጥ ገቡ። "ድጓውን ለልጆቼ አስረክቤ እስክጨርስ ያቆይልኝ እንጂ ሌላ አልሻም" አሉ።

አጥኚዎቹ የክኒኑን ሥራ የሚለኩት አምስት ቃላት ነግረው ቆየት ብለው በመጠየቅ ነበር፦ ሎሚ፣ መጥረቢያ፣ ዝናብ፣ ወንበር፣ ጫማ። በየጊዜው መለወጥ ሲገባቸው ስንፍና ይዟቸው ሁልጊዜ እነዚያኑ ጠየቁ። መሪጌታ ግን የተሰጣቸውን ቀለም ሳይመልሱ መቅረትን ነውር የሚሉ የቃል ትምህርት ሰው ናቸው። ቃላቱን ወደ ግዕዝ ዜማ አስገብተው ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ጧትና ማታ ይሏቸው ጀመር። ለድጓው የተለመነው ዘመን ለሎሚና ለመጥረቢያ ዋለ።

ልጃቸው በለጠች ለዋናው አጥኚ "ዶክተር፣ ይህ ሽምደዳ ነው። አባባ ትናንት እናቴን 'እመቤት፣ የማን ቤት ነሽ?' አሏት" ብትለው፣ "እህቴ፣ ውጤቱ እኮ ያምራል፤ ምን አስከፋሽ?" አላት። ከዚህ በላይ የሚያቅለሸልሽ መልስ ጆሯችን አልሰማም።

በ2007 ዓ.ም. ጎንደር አንድ አዳራሽ ውስጥ አጥኚዎቹ በእንግዶች ፊት አስነሥተው ቃላቱን አስባሏቸው፤ ተጨበጨበ። መሪጌታ ከመድረኩ ሲወርዱ፣ ማንጠግቦሽ ክንዳቸውን ይዛቸው ሳለች "ማንጠግቦሽ የት ሄደች?" ይሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ እንደ ገበያ በቅሎ ከንፈሩ ተገልጦ ጥርሱ የታየበት ያ ቀን እስከ ዛሬ ያስጸይፈናል። ጥናቱ ሲዘጋ አጥኚዎቹ ሄዱ። የዋጡት መድኃኒት ይሁን ባዶ ክኒን እንኳ የነገራቸው የለም። ደቀ መዛሙርቱም ከድጓው የተረከቡት እኩሌታውን ነው።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ መዋጥ ተሳናቸው። ጥር 19 ቀን የንስሐ አባታቸው በራስጌያቸው ቆመው "አቡነ ዘበሰማያት" ብለው ሲጀምሩ፣ መሪጌታ ዓይናቸውን ገልጠው ባልተሰበረ ዜማ "ሎሚ፣ መጥረቢያ፣ ዝናብ" አሉ። ጸሎቱን ደቀ መዛሙርታቸው እያለቀሱ ጨረሱላቸው። በማግስቱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

የማይረሳ አምላክ፣ ከአንደበታቸው የተወሰደውን ዜማ በእርሱ ዘንድ ጠብቆ ያቆይላቸው። ነፍሳቸውንም ከካህናተ ሰማይ ማኅበር ይደምርልን፤ በዚያ ፈታኝ የለምና። አሜን።