«ተሽሯል» የተባሉት ጠበቃ

ዛሬ የምንሸኛቸው ጠበቃ የተወለዱት ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ነው። አባታቸው በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ እናታቸው ደግሞ አዋላጅ ነበሩ። ለቤታቸው ሦስተኛ ልጅ ናቸው። ፊደል የለዩት አባታቸው አበላሽተው በጣሏቸው ማመልከቻዎች ላይ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብበው የጨረሱት ዓረፍተ ነገር «ይህ እንዲታይልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» የሚል እንደነበር እህታቸው፣ ማለትም የእኔ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ እናት፣ እስከ ዛሬ እየሳቁ ይናገራሉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በሕግ ተመረቁ። በዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ላይ «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚል ነበረበት። ረቂቁን በሕይወት ሳሉ ራሳቸው አይተውት ስለነበር ሰርዘውታል። «ዝነኛ» የሚለውንም ከብበው በኅዳጉ ላይ «ማስረጃ?» ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ የተመረቁት በመካከለኛ ውጤት ነው፤ ዝነኛም አልነበሩም።

አራት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ካገለገሉ በኋላ የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው፣ ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ። አንደኛው ክፍል የመዝገብ ነበር፤ ሁለተኛውም ቀስ በቀስ የመዝገብ ሆነ። ባለጉዳይ ለመቀመጥ በመጀመሪያ ወንበሩ ላይ ያለውን ፋይል ማንሳት ነበረበት። ባለቤታቸውን ያገኙት በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ነው፤ ባለቤታቸው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። ያቀረቡትን አቤቱታ አባሪ ጎደለው፣ ፊርማ ጎደለው፣ ገጹ አልተቆጠረም እያሉ ሦስት ጊዜ መለሱባቸው። በአራተኛው ሁሉን አሟልተው መጥተው ለጋብቻ ጠየቋቸው ይባላል። ባለቤታቸው ግን ያሟሉት በስድስተኛው ነው ይላሉ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ቀጥሎ ያለው ከጽሑፉ እንዲወጣ ቤተሰቡ ጠይቆ ነበር፤ እርሳቸው እንዲቆይ አዘዋል። በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው የአንዲት ልብስ ሰፊ ጠበቃ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ እጃቸውን በማሽን ተጎድተው ከሥራ ተሰናብተዋል፤ ክሳቸውም በሥር ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖባቸዋል። ይግባኙ ተስፋ ነበረው። የይግባኝ ጊዜ ስልሳ ቀን መሆኑን ጠበቃው እንደ ስማቸው ያውቁ ነበር፤ በአርባ አንደኛው ቀንም ተረጋግተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መስኮቱ ላይ የነበሩት ባለቤታቸው ወረቀቱን አዩና «ይሄ እኮ ተሽሯል» አሏቸው። እርሳቸውም «አንቺ ደግሞ! ሕጉን ለእኔ ልታስተምሪ ነው?» አሉ። ባለቤታቸው አዲሱን ሕግ በመስኮቱ አሳለፉላቸው። ፍርዱ ሊሰጥ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የወጣ ነበር። ስልሳው ሠላሳ ሆኗል።

ሌላ ሰው ቢሆን ለደንበኛው «ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ውሸትም አይሆንበትም። እርሳቸው ግን በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ያለፈው ጊዜ እንዲፈቀድ ጥፋታቸውን በመሐላ አረጋግጠው አመለከቱ። ፍርድ ቤቱም የጠበቃ ስህተት በቂ ምክንያት አይደለም ሲል በአንድ ገጽ መለሰ፤ መዝገቡ ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ ከቤታቸው ሥር ትንሽ የልብስ ጥገና ሱቅ ከፈቱ። ጠበቃው ከሠላሳ ዓመት በላይ የችሎት ካባቸውን እዚያ አሰፉ። ካባው በየወሩ ለምን እንደሚቀደድ የጠየቀ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ጠዋት፣ በሳምንቱ የወጣውን ሕግና የሰበር ውሳኔ በአንድ ገጽ አሳጥረው በጠበቆች ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ጀመር። አዲስ ሕግ የሚያነቡት ከመጨረሻው ገጽ ነበር፤ መቼ እንደሚጸናና ምን እንደሚሽር የሚጻፈው እዚያ ነው። ተከራካሪያቸው የሞተ አንቀጽ ይዞ ከመጣ፣ ችሎት ከመግባታቸው በፊት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ተሽሯል» ይሉት ነበር። ስማቸው በዚሁ ቀረ። በዚህ ጠባያቸው ደንበኛ አጥተዋል፤ እኔም በቢሯቸው በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ተናድጄባቸው አውቃለሁ። ወረቀቱ ወደ ስልክ ሲዛወር፣ በጠበቆቹ የስልክ መልእክት ቡድን ውስጥ «መልካም ሰኞ» የሚል የአበባ ምስል የላከ ጠበቃ ሁሉ በእርሳቸው እጅ ተባሯል። ባለፈው ዓመት አንድ ጠበቃ ኮምፒውተር የጻፈለትን የሰበር ውሳኔ ጠቅሶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ፈልገው ሲያጡት «ይሄስ አልተሻረም፤ አልተወለደም» አሉ።

የጉበት ሕመም የታወቀባቸው ከስምንት ወር በፊት ነው። ከልብስ ሰፊዋ ጉዳይ ወዲህ፣ ደንበኛው ባላጠፋው ነገር በጠበቃው ስህተት መብቱን እንዳያጣ ለሕግ አርቃቂዎች በየዓመቱ ይጽፉ ነበር፤ የሠላሳ ሁለት ደብዳቤ ቅጂ ከመሳቢያቸው ወጥቷል። ባለፈው ወር አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጣ ሐሳቡ ገብቶበት አገኘሁትና ሆስፒታል ይዤላቸው ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ። ቀድሞ የተዘጉ መዝገቦችን አይመለከትም ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው «ለእሷ አልደረሰም» አሉ። ከዚያ የድሮውን የሕግ መጽሐፋቸውን አስመጥተው የጠበቃ ስህተት በቂ ምክንያት አይደለም በሚለው አንቀጽ ላይ «ተሽሯል» ብለው ቀኑን ጻፉበት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተውልናል። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ እርሳቸው ቢያዩት «ለጉዳዩ አግባብነት የለውም» ብለው ይሰርዙት ነበር።

ጠበቃው፣ ልብስ ሰፊዋ አይተው ካልፈቀዱ ይህ ጽሑፍ እንዳይነበብ አዘው ስለነበር፣ ረቡዕ ዕለት ሱቃቸው ወሰድኩላቸው። ካባው ተሰፍቶ፣ ታጥፎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብለው አነበቡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ብዕር ጠየቁኝ። በተጎዳው እጃቸው፣ በትልልቅ ፊደል፣ በኅዳጉ ላይ «ተሽሯል» ብለው ጻፉ። ከሥሩም ቀኑን አኖሩበት።

ጊዜው አልፏል ብሎ መዝገብ የማይዘጋው ዳኛ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።