የአባዬ ሶፋ በእኔ መቀስ

ጥር 27

ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። ጋሼ መርፌ ገና በሩ ላይ ሳለሁ አወቁብኝ። የሶፋ ሥራ አስተማሪያችን ናቸው፤ ስማቸው ሌላ ነው፤ ኮሌታቸው ላይ ሁልጊዜ መርፌ ስለማይጠፋ እኛ ያወጣንላቸው ነው። እንዴት ነው ግን የሚያውቁት?

«በልተሻል?»
«አዎ...»
«ምን?»

መቀሱን ከእጄ ቀሙኝና ወደ ሻይ ቤት ላኩኝ። «የራበው ሰው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ይሳሳታል፤ ሲሳሳት እኔን ይረግማል» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ተመልሼ ገብቼ ሳቅሁ፣ አፌን ዳቦ እንደሞላው።

ለራሴ፦ ቦርሳ ማታ ይዘጋጅ። ጠዋት ጠዋት ሌላኛውን ካልሲ ፍለጋ አልጋ ስር መግባት ይብቃ።

ጥር 29

ዛሬ እራት ላይ ተናገርኩት። ሁለት ቀን ሳምጥ ነበር።

«የመጨረሻ ሥራችን አሮጌ ሶፋ ከቤት አምጥቶ ማደስ ነው።»

አባዬ ሶፋውን አየ። እማዬ አባዬን አየች። ሶፋው ግን መታደስ ካማረው ዓመታት ሆኖታል... ሞላው ወጥቶ እንግዳ ይወጋል። የሚያውቀን ሰው ሲመጣ ዳር ዳሩን ነው የሚቀመጠው።

ያዳነችኝ እህቴ ናት። በመጋቢት የእጮኛዋ ወላጆች ሊያዩን ይመጣሉ። «እዚህ ላይ ካስቀመጥናቸውማ ሰርጌ ቀረ» አለች።

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። አካውንቲንጉን አቋርጬ ሶፋ ሥራ ስልጠና ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። «እሺ፣ ውሰጂው። ግን እንግዶቹ ሳይመጡ አልቆ እዚህ ይገባል። ሰው እንደ ሰው ከተቀመጠበት ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ይሄ ጨዋታ ያበቃና ወደ አካውንቲንግሽ ትመለሻለሽ። ተስማማን?»

ተስማማን አልኩ። ምን ነካኝ? ሶፋ ብቻዬን ፈትቼ አላውቅም!

የካቲት 3

ሶፋው በጭነት መኪና ወደ ማሰልጠኛው ሄደ። አባዬ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘው። እኔን ዩኒቨርሲቲ ሲሸኝ እንኳን እንዲህ አልቆየም።

ፈታሁት። ከውስጡ የወጣው፦ ማበጠሪያ፣ እማዬ ስትፈልገው የኖረችው የቁም ሳጥን ቁልፍ፣ እርሳስ፣ ለውዝ ይሁን የወተት ጥርስ ያልታወቀ ነገር። ሾፌሩ «ጥርስ ነው» ብሎ ማለ። ሾፌሩ የምለው የጭነት መኪናውን ሰው ሳይሆን የጠረጴዛ ባልደረባዬን ነው። ሃምሳውን አልፏል፤ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው አዲስ ሙያ ልማር ብሎ መጣ። «እዚህ ሁላችንም ጀማሪ ነን፤ አንተ በይኝ» ይለኛል። እዚህ ደብተር ላይ እሺ እላለሁ። ፊት ለፊቱ ግን አፌ አንቱ ነው የሚለው።

ማታ አባዬ የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዜና አየ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። ማንም እንዳይስቅ እማዬ በዓይኗ ዞረችን። ራሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ ሳቀች... ሰማኋት።

የካቲት 8

የድሮውን ጨርቅ የያዘውን የስቴፕል ሽቦ ስነቅል ዋልኩ። ጣቶቼ እንደ ወንፊት ሆኑ።

የካቲት 14

ሰው ሁሉ መካሪ ሆኗል። እህቴ፦ «ሌሊት አጥኚ፣ ጭንቅላት የሚሠራው ሌሊት ነው።» አክስቴ በስልክ፦ «በጊዜ ተኚ፣ ጭንቅላት የሚሠራው ጠዋት ነው።» የእኔ ጭንቅላት የሚሠራው ከምሳ በኋላ መሆኑን ለማን ልንገር?

የሠራልኝ ምክር የሾፌሩ ነው። ያልገባውን እዚያው ይጠይቃል፤ አያፍርም። ዛሬ ጋሼ መርፌ ስለ ስፖንጅ ውፍረት እያስረዱ ሳለ እጁን አውጥቶ «ይቅርታ፣ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ አልገባኝም» አለ። እኛ ሳቅን። እሳቸው ደግመው አስረዱ። ለካ እኔም አልገባኝም ነበር! አንገቴን ስነቀንቅ ነበር እንጂ። ከዛሬ ጀምሮ ሳይገባኝ አልነቀንቅም።

ስልኬንም ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ቀን እጄ በየደቂቃው ኪሴን ይዳብስ ነበር። አሁን ተስፋ ቆረጠ።

የካቲት 21

ጨርቅ ገዛን። ከእማዬ ጋር ስንዞር ዋልን። ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ! ነጋዴው የቀረችውን በሙሉ ጠቅልሎ ሰጠን፤ ከዚህ ቀለም ሌላ የለም አለ። እማዬ እስክንደርስ ድረስ ታቅፋው በጉንጯ ስትዳብሰው ነበር።

ጋሼ መርፌ ሲያዩት ፉጨት አሰሙ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ከፋይ ፀጉር አለው። እንደ ድመት ጀርባ ነው። ወደ ታች ስትዳብሺው ይተኛል፣ ያበራል። ወደ ላይ ስትዳብሺው ይቆማል፣ ይጠቁራል። ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት። ከጀርባው በጠመኔ ቀስት አድርጊ፣ እንዳትረሺ።»

እሺ አልኩ። እዚህ ጻፍኩ፦ ቀስት፣ ቀስት፣ ቀስት።

የካቲት 25

ቆረጥኩ!! መጀመሪያ ቀስ እያልኩ ነበር። በኋላ መቀሱ ራሱ መንገዱን አወቀ፤ ክርት ክርት ሲል እንዴት ደስ ይላል። መደገፊያው፣ መቀመጫዎቹ፣ የግራው ክንድ። ጨርቁ ላይ አኑሬ የምቆርጥበትን የክንዱን የካርቶን ልክ ትንሽ ዞር ሳደርገው እንዴት ያለ ጨርቅ ተረፈኝ መሰላችሁ... ለማን ነው «መሰላችሁ» የምለው? ብቻ ተረፈኝ። ለቀኝ ክንድ ይበቃል፣ ለትራስ ሁሉ ይተርፋል። ብልህ ነኝ።

ቀስቱን ለሁሉም አድርጌያለሁ... ይመስለኛል።

የካቲት 28

ጉድ ፈላ።

የግራውን ክንድ ወጥሬ፣ በስቴፕል መትቼ፣ ራቅ ብዬ አየሁት። ክንዱ ጥቁር ነው። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ክንዱ ጥቁር ነው! መስኮቱ መሰለኝ፤ ሶፋውን አዞርኩት። ክንዱም አብሮ ዞረ፣ ጥቁረቱም አብሮ ዞረ። በእጄ ዳበስኩት... ወደ ታች ሲሄድ ይሻክራል። ገልብጬ ነው የቆረጥኩት። ያ «ትንሽ ዞር» ነው የበላኝ። ነቅሎ መገልበጥ አይቻልም፤ ፊቱ ጠባብ ኋላው ሰፊ ነው። የቀረኝ ጨርቅ ለቀኙ ክንድ ብቻ የሚበቃ ነው። ያ ሁሉ ትራፊ ደግሞ ቁርጥራጭ ነው፣ ለአሻንጉሊት ሶፋ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ የምለቅመውም የለኝ።

መጋቢት 1

ክንዱን በፎጣ ሸፍኜዋለሁ። ጋሼ መርፌ ሲጠይቁ «አቧራ እንዳይነካው» አልኩ። ጎበዝ አሉኝ። ጎበዝ!

አባዬ ማታ በርጩማው ላይ እየተንቆራጠጠ «ሶፋዬ እንዴት ነው?» አለ። ደህና ነው አልኩት። ስለታመመ ሰው የምናወራ ነው የሚመስለው።

አካውንቲንግ ክፍሉ ትዝ አለኝ... ክፉ አልነበረም። እኔ ነኝ እዚያ ውስጥ የሌለሁት። እዚህ ግን አለሁ። እንዴት ብዬ ነው የምመለሰው?

መጋቢት 3

ሾፌሩ ፎጣውን አነሳው። ዝም ብሎ፣ ሳይጠይቀኝ። አየው። መልሶ አለበሰው።

«ለጋሼ ነግረሻል?»
«አልነገርኩም። ዛሬ የቀኙን በትክክል ልቆርጥና... አንዱ ክንድ ብቻ ከሆነ ግድግዳ አስጠግተን...»
«መቀሱን አስቀምጪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔ አንዴ ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ ሲል ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ነዳሁ። ድምፁ ጠፋልኝ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ፍሬኑም ጠፋልኝ።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ። ነገ። በልቼ፣ ተኝቼ፣ ነገ።

መጋቢት 4

ነገርኳቸው! ሰላም እንኳን ሳልል፦ «ጋሼ፣ ገልብጬ ቆረጥኩት፣ ስድስት ቀን ደበቅኩዎት፣ ሌላ ጨርቅ የለም፣ እንግዶቹ ሊመጡ ነው፣ አካውንቲንግ ልመለስ ነው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

ጋሼ መርፌ ፎጣውን አነሱ። አጎነበሱ። ዳበሱት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ቀና ብለው፦

«የቀኙን ቆርጠሻል?»
«አልቆረጥኩም።»
«እርግጠኛ ነሽ?»
«ጨርቁ ይኸው።»

መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲያውስ እሱንም ገልብጠሽ ቁረጪው! አንድ ክንድ ብቻ ሲጠቁር ስህተት ነው። ሁለቱም ሲጠቁሩ... ሙያ ነው።»

ቁጭ አልኩ መሬት ላይ። ትናንት ቆርጬው ቢሆን ኖሮ አለቀልኝ ነበር። ሾፌሩን አቀፍኩት። «ወገቤን!» ብሎ ጮኸ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብዬ ገልብጬ ቆረጥኩ። ከጀርባው ቀስት አደረግኩ፣ ትልቅ ቀስት፣ ወደ ላይ።

ጋሼ መርፌ ግን በነፃ አልለቀቁኝም። ነገ ለመላው ክፍል ስህተቴን አስረዳለሁ፣ ሳልደብቅ፣ ከነፎጣው። ይገባኛል።

መጋቢት 5

አስረዳሁ። ፊቴ ቲማቲም መሰለ። ስጨርስ ግን ከኋላ አንዷ እጇን አውጥታ «እኔም ትናንት ስፖንጁን አሳጥሬ ቆርጬ ጠረጴዛ ስር ደብቄዋለሁ» አለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጠረጴዛ ስር የሌለ ነገር የለም! ጋሼ መርፌ መርፌያቸውን ከኮሌታቸው ነቅለው «ኧረ የምን ጉድ ነው» እያሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞሩ ዋሉ።

መጋቢት 14

ሶፋው ቤቱ ገባ። እህቴ ጮኸች። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፤ ለምን ጫማዋን እንዳወለቀች እሷም አታውቅም።

«ክንዶቹ ጠቆር ማለታቸው እንዴት ያምራል!» አለች እህቴ።
«ሆን ብዬ ነው» አልኩ።

ሆን ብዬ ነው። ቢያንስ አንዱን።

አባዬ አልተቀመጠም። ዞረው። ጎንበስ ብሎ ከስር አየው፣ መኪና እንደሚገዛ ሰው። «ነገ እንግዶቹ ሲቀመጡ እናየዋለን» ብሎ ወደ በርጩማው ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልል ነበር... አባቴ ነው፣ ተውኩት።

መጋቢት 15

ከየት ልጀምር?

እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ሳሎን ገባ። ግራ ቀኙን አየ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ቀስ ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ለሙከራ። ወደ ኋላ ተደገፈ። እጆቹን ክንዶቹ ላይ ዘረጋ። «እህ» አለ።

በሩ ሲንኳኳ እማዬ ከፈተች። የእህቴ እጮኛ፣ አባቱ፣ እናቱ፣ አበባ ይዘው። ሳሎን ስንገባ... አባዬ ተኝቷል። አፉን ከፍቶ። ክራባቱ ወደ ትከሻው ዞሯል።

እህቴ ልትቀሰቅሰው ስትንደረደር የልጁ እናት እጇን ያዘቻት። «ተዪአቸው ልጄ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከየት ይገኛል?» ስለዚህ ሁሉም ነገር በሹክሹክታ ሆነ! ሰላምታው በሹክሹክታ፣ ምሳው በሹክሹክታ፣ ሰርጉ መቼ ይሁን የሚለው በሹክሹክታ። የልጁ አባት ከአባዬ አጠገብ በቀስታ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ተደገፈ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ዓይኑ ስልምልም ማለት ጀመረ፤ ሚስቱ በክርኗ አነቃችው። ሳቄን ለመያዝ መጋረጃ ነከስኩ።

አባዬ የነቃው ሊወጡ በር ላይ ሲሳሳሙ ነው። ብድግ አለ፣ ደነገጠ፣ ክራባቱን ፈለገ። «እንግዶቹ... መጡ እንዴ?»

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከሄዱ በኋላ ተቆጣ። «ማንም ሰው እንዴት አይቀሰቅሰኝም? የልጄን ሰርግ ተኝቼ ልጨርስ?»

እማዬ ሳህን እያነሳች፣ ዞር እንኳን ሳትል፦ «ልጅህን ጠይቃት። እሷ ናት ያስተኛችህ።»

እኔን አየኝ። የሶፋውን ክንድ በመዳፉ ዳበሰው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ልቀጥል ወይስ ልመለስ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ።

መጋቢት 16

ጠዋት ጫማዬን ሳስር ውጭ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ናት፣ ከአባዬ ጋር። ለካ በማለዳ ተነስቶ ቤት አስገብቶ ሶፋውን አሳይቷታል! እሷ ደግሞ የእሷን ወንበሮች ዛሬውኑ ልጅቷ ታድስልኝ እያለች ትለምናለች። እኔ በደስታ ልወጣና እሺ ልል ስል አባዬ ቀደመኝ።

«አይሆንም እትዬ» አለ፣ ኮስተር ብሎ። «ዛሬ አይመቻትም። ክፍል አለባት። መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ።»

ትምህርቷን። ጨዋታዋን አላለም።

ጫማዬን እንደገና ፈትቼ አሰርኩት። ወዲያው መውጣት አልቻልኩም... ዓይኔ እስኪደርቅ።