አርብ አርብ የሚግለው ፓምፕ

ውድ ታዴዎስ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬስ ሌላ ስም አውጥቼልህ ነበር። በስልክ ብነግርህ «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብለህ ታመልጠኛለህ። ስለዚህ ቁጭ በልና አንብበው።

የጉድጓዱ ፓምፕ ደግሞ ጋለ። አንተ ጁባ ሆነህ «ካፓሲተሩን አይተሽዋል?» እያልክ በዋትስአፕ ድምፅ ትልክልኛለህ። አይቼዋለሁ! አስቀይሬዋለሁም! አንተ ያመጣኸው ጠጋኝ፣ ፉንዲ ጃፈር፣ መጀመሪያ ካፓሲተሩ ነው አለ። ቀጥሎ መብራቱ ጉልበት የለውም አለና ስታብላይዘር አስገዛኝ። ከዚያ ደግሞ ጥፋቱን በፀሐይ ላይ ጥሎ የቆርቆሮ ጥላ ሠራለት። «ፖሌ ማማ» ብሎ አዝኖልኝ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ሞተሩ እንደገና እጅ አያስነካም። እኔ ከከተማው ማዶ ዌስትላንድስ ስብሰባ ላይ እያለሁ እናትህ እማማ አጸደ ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ያ ማሽን ደግሞ ሸተተ»። በዚያ ትራፊክ ተንቀርፍፌ ሳውዝ ሲ ቤት ስደርስ ውሃ የለም። አንጀቴ አረረ፣ ታዴዎስ።

ቆይቼ ሳስበው የሚግለው አርብ አርብ ነው። ለጃፈር ብነግረው ሳቀብኝ። ባለፈው አርብ ከቢሮ ቀረሁና ጓሮ ጠበቅኩ።

እማማ አጸደ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። ቧንቧውን ከፈቱና መሙላት ጀመሩ፤ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ፣ ድስት ሳይቀር። ሮቶው ጎደለ፣ ፓምፑ ተነሣ፣ አላቆም አለ። የጉድጓዱ ውሃ አልቆ ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። ሮጬ አጠፋሁት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ውሃ እይዛለሁዋ!»

«ይሄ እኮ ጉለሌ አይደለም፤ እዚህ ውሃ በፈረቃ አይመጣም። ጉድጓዱ የራሳችን ነው።»

«ተይኝ እስቲ! ውሃ የሚጠፋው እንግዳ የመጣ ቀን ነው።»

«የምን እንግዳ?»

ቀና ብለው እንደ ሞኝ አዩኝ። «ታዴዎስ ነገ ይመጣ የለ? ትናንት ደውሎልኛል። ከዚያ አቧራ ወጥቶ ሳይታጠብ ሊተኛ ነው?»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገሩን ሁሉ ጠየቅኳቸው።

አንተ ሰው፣ አታፍርም? ለካ ሐሙስ ሐሙስ ለእሳቸው ደውለህ «ቅዳሜ መጣሁ» ትላለህ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለእኔ ደውለህ «ሥራ ያዘኝ፣ ለእማዬ አንቺ ንገሪያት» ትላለህ። እኔ እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም «ምን ያድርግ፣ ሥራ ነው» ይሉና ልብስ ማጠብ ይጀምራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የታጠበ አንሶላ የሚያጥቡት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ያ ሁሉ ውሃ የአንተ ነበር።

እኔ ካፓሲተር እቀይራለሁ! ሞተሩን የሚያቃጥለውስ አንተ ነህ። እናትህን ደስ ይበላት ብለህ ይሆናል፤ አውቃለሁ፣ ክፋት የለብህም። ግን ሴትዮዋ በዚህ ዕድሜያቸው አውሮፕላን የተሳፈሩት አንተን ሊያዩ እንጂ የእኔን ጓሮ ሊያዩ አይደለም። ለፋሲካ ወደ ጉለሌ ይመለሳሉ። ዓይንህን ሳያዩ ከሄዱ እኔ በምን አፌ ልሸኛቸው?

ጃፈር ውሃው ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ነገር ገጥሞለታል፤ የፓምፑ ጉዳይ አበቃ። አንተ ደግሞ ቲኬት በእጅህ ሳትይዝ ሐሙስ እንዳትደውልላቸው። ወይ ና፣ ወይ እመጣለሁ አትበላቸው።

የተሞላውን ሁሉ ትናንት አትክልቱ ላይ ደፋነው። አንዷን ቢጫ ጀሪካን ግን አላስነካም አሉኝ። «እሷን ተያት፤ ድንገት ከመጣ» አሉ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ናት፤ ስንገባ ስንወጣ እየተሻገርናት ነው።

መጥተህ ታጠብባት።

ሚዛን